የባሌ እንቁራሪቶችና የረጅም ዘመን ቆጠራ

በአገራችን ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ናቸው። ይህም ተገቢ ነው፤ ሦስቱም ከእኛ አገር በቀር የትም አይገኙምና። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ እንቁራሪቶች ነው፤ በተለይም በባሌ ተራሮች ስለሚኖሩ ጥቂት ዝርያዎችና እነርሱን ለዐሥርት ዓመታት ስለተከታተለ አንድ ጥናት። ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ መሠረቱ ለረጅም ዘመን ሳይቋረጥ የሚያዝ መዝገብ ነው፤ ቀደም ብሎ ያልተቆጠረ እንስሳ ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ደግሞ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ሳይቀር ይደርሳል። በመጀመሪያ እንስሳቱንና ጥናቱን አስተዋውቃለሁ፤ ቀጥዬ ማስረጃው ምን እንደሚያሳይ እመረምራለሁ፤ ከዚያም በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንቁራሪት አስተኔዎች ሲባል እንቁራሪትን፣ ጉርጥንና ሌሎች ዘመዶቻቸውን የሚያጠቃልል የእንስሳት ክፍል ነው። በዓለም ላይ እስካሁን የታወቁት ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ የሚገኙት ወደ 70 ሲጠጉ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሲሶ የሚበልጡት ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የሉም። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን አፈር ውስጥ እግር የሌላትና ትል የምትመስል ዘመዳቸው ሳይቀር ትኖራለች። ከወፎቻችንም ሆነ ከአጥቢዎቻችን ጋር ሲነጻጸር ይህ የብርቅዬ ዝርያ ድርሻ እጅግ ከፍተኛ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወፍ ሸለቆ ትሻገራለች፤ አጋዘን ግጦሽ ፍለጋ ብዙ ይጓዛል። ቆዳዋ በእርጥበት ላይ የተመሠረተች፣ ቁመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች እንቁራሪት ግን ደረቅና ሞቃት ቆላ አቋርጣ ወደ ሌላ ተራራ መድረስ አትችልም። ስለዚህ አንዳንድ ከፍተኛ ተራሮች ለዘመናት ተነጥለው የራሳቸውን ዝርያ አፍርተዋል። የዚህ ሌላው ገጽታ ደግሞ አስጊ ነው፤ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖር ፍጥረት በዚያ ተራራ ላይ ከጠፋ ከምድር ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ ጎልቶ የሚታየው በባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ገደማ የተቋቋመ ሲሆን በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰሜን በኩል ከዲንሾ ተነሥቶ ወደ ሳነቲ አምባ ይወጣል፤ ከቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ በኋላ በደቡብ አቅጣጫ በአስታ ቁጥቋጦ፣ በኮሶና በጌተም ዛፎች፣ በቀርከሃም አልፎ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ለሳይንስ ልዩ የሆኑ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ትባላለች፤ የቅርብ ዘመዶቿ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ርቀው የሚኖሩ ሲሆን፣ እርሷ ብቻዋን አንድ ሙሉ ወገን ናት። ወገን የምለው ሳይንስ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚሰበስብበትን መደብ ነው። ሁለተኛዋ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ በደኑ ውስጥ በሚወርዱ ትናንሽ ፈጣን ጅረቶች ዳር የምትኖር ናት፤ እርሷም የወገኗ ብቸኛ አባል ናት። ሦስተኛዋ፣ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ የተባለችው የደጋ ጉርጥ፣ በመራባት ባሕርይዋ ታስደንቃለች። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ሲጥሉና ወንዱ ከውጭ ሲያዳብረው፣ በእርሷ ዘንድ መዳበሩ የሚፈጸመው በሴቷ ሰውነት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን የምትጥለውም በእርጥብ መሬት ላይ ነው። ባለ ጭራዎቹ ልጆቿ ኩሬ ሳያዩና ምንም ሳይመገቡ ከእንቁላሉ በወረሱት ስንቅ ብቻ አድገው እግር ያወጣሉ። አራተኛዋ የኦስጉድ ጉርጥ ናት፤ ከባሌም ውጭ በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎች ትታወቅ ነበር።

እነዚህን እንስሳት ለዓለም በማሳወቅ ረገድ ከማንም በላይ የደከመው እንግሊዛዊው ማልኮልም ላርጀን ነው። በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር፤ በኋላም በሊቨርፑል ሙዚየም ሠርቷል። ከላይ የጠቀስኳት ደጋማ ጉርጥ በእርሱ ስም የተሰየመችው በ1978 ሲሆን፣ ኤሪካባትራከስን ለሳይንስ የገለጸው ደግሞ ራሱ ላርጀን በ1991 ነው። ከስቲቨን ስፖልስ ጋር በ2010 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶችና ገበሎዎች ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው መነሻ ነው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ውለታው አዲስ ዝርያ መሰየሙ አይደለም። ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ መመለሱና በየጊዜው ስንት ሰዓት ፈልጎ ስንት እንዳገኘ በማስታወሻው መያዙ ነው። ይህ ልማድ በጊዜው ተራ ነገር ይመስል ነበር፤ ዋጋው የታወቀው ከዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ የእንቁራሪት ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ጎወርና ሳይመን ሎደር ከላርጀን ከራሱ፣ እንዲሁም እንደ አበበ መንግሥቱና ፍቅርተ ገብረሰንበት ካሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አሮጌዎቹን ማስታወሻዎች ከአዲሱ የመስክ ሥራ ጋር ባቀናጁ ጊዜ ነው።

የዘዴውን ምንነት በጥቂቱ ላብራራ፤ ማስረጃው የሚታመነው ዘዴው የታወቀ እንደሆነ ብቻ ነውና። ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጅረት ዳር ለሦስት ሰዓት ድንጋይና ግንድ እየገለበጡ ቢፈልጉ የሥራው መጠን ስድስት ሰዓት ተብሎ ይያዛል። የተገኙት እንቁራሪቶች ብዛት ለስድስት ሲካፈል አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ የሚያገኘው ቁጥር ይወጣል። በዚህ መንገድ በ1970ዎቹ የተደረገን ፍለጋ በ2000ዎቹ ከተደረገው ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ፈላጊዎቹ ቢበዙም ቢያንሱም ቁጥሩ የሚሰላው በሥራው መጠን ነው። ከ1971 እስከ 2009 ድረስ በባሌ በተደረጉ 15 የመስክ ጉዞዎች የተሰበሰበው መረጃ ተጠናቅሮ በ2013 ታተመ። ውጤቱ ከባድ ነበር። የኦስጉድ ጉርጥ ከ1995 ወዲህ በእርግጠኝነት የታየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤሪካባትራከስ መጀመሪያ ከተገኘችበት ጅረት ጠፍታለች፤ በተራራው ሌላ ጥግ ግን ተገኝታለች። ኤሪካባትራከስ በጠፋችበት አካባቢ ባሌብሬቪሴፕስም ቁጥሯ ቀንሷል። የማልኮልም ጉርጥም ቢያንስ በአንዳንድ ቦታዎች ከቀድሞው አንሳለች። ልብ በሉ፤ አራት ዝርያዎች ተመርምረው ከአራቱ አንዷ እንኳ በደህና ሁኔታ ላይ አልተገኘችም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። የመጀመሪያውና ከሳይንስ ወገን የሚመጣው ጠንካራ ነው። የእንቁራሪት ቁጥር በተፈጥሮው ከዓመት ዓመት በእጅጉ ይዋዥቃል፤ ዝናብ ያጠረ ዓመት ጥቂት፣ የበረከተ ዓመት ብዙ ይወለዳል፤ ታዲያ መቀነስ ያልነው ነገር ተራ መዋዠቅ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ሬይንቦ ቤይ በተባለ ኩሬ ዙሪያ በተደረገ ጥናት በግልጽ ቀርቧል። ጆሴፍ ፔክማንና ባልደረቦቹ ኩሬውን በአጥር ከበው የሚገቡትንና የሚወጡትን እንስሳት ለ12 ዓመታት ቆጥረው በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቁጥሩ ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት እንኳ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይተዋል። ማስጠንቀቂያቸው ትክክል ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ይህ ማስጠንቀቂያ የሚደግፈው የእኔን ክርክር ነው። አንድ ሕፃን ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ብቻ ቢመዘን ሐኪሙ ስለ እድገቱ ምንም ማለት አይችልም፤ በየወሩ ሲመዘን ግን መስመሩ ወደየት እንደሚሄድ ይታያል። መዋዠቅንና መመናመንን የሚለየው የዓመታት ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። የባሌው መረጃ 38 ዓመታትን የሚሸፍን በመሆኑ አንድ የድርቅ ዓመት ወይም አንድ ያልተሳካ ጉዞ ብቻውን ሊያጣምመው አይችልም። በ15 ጉዞዎች የተያዘ ስለሆነም ክፍተቶች አሉበት፤ በመካከሉ ያልተቆጠሩት ዓመታት ባይኖሩ ኖሮ ኤሪካባትራከስ ከዚያ ጅረት መቼና በምን ፍጥነት እንደጠፋች ዛሬ እናውቅ ነበር።

እንስሳ በጥበቃ ክልል ውስጥ ሳይቀር እንዴት ፈጥኖ እንደሚጠፋ የኮስታ ሪካው ወርቃማ ጉርጥ ያስተምራል። ይህ ወንዱ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነ ጉርጥ የሚኖረው በሞንቴቬርዴ በሚገኝ፣ በሚገባ በተጠበቀ የጉም ደን ውስጥ ብቻ ነበር። በ1987 ለመራባት በተሰበሰቡበት ወቅት ከ1,500 በላይ ታዩ፤ በ1988 በዋናው ቦታ የታየው አንድ ብቻ ነበር፤ በ1989 የመጨረሻው አንድ ወንድ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። ደኑ አልተቆረጠም፣ የጥበቃ ክልሉም አልፈረሰም። በዚያው በ1989 በእንግሊዝ ካንተርበሪ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የእንቁራሪትና የገበሎ ተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ ከተለያዩ አህጉራት የመጡ ሳይንቲስቶች ሲነጋገሩ ነው እያንዳንዱ በየአገሩ ያየው መመናመን የዓለም ሁሉ ችግር መሆኑ የተገለጠው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የራሱን አካባቢ ክስተት ብቸኛ አድርጎ ያስብ ነበር።

ስለ መንስኤው ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል። እንቁራሪት በቆዳዋ ስለምትተነፍስና የሰውነቷን ጨውና ውኃ በቆዳዋ ስለምትቆጣጠር ሕመሙ ጸንቶ ልቧን እስከማቆም ይደርሳል። ፈንገሱ በሳይንስ የተገለጸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ2018 የወጣ የዘረ መል ጥናት መነሻውን በምሥራቅ እስያ አግኝቶታል፤ ወደ ሌላው ዓለም ያዳረሰውም የሰው ንግድና ጉዞ ነው። በ2019 የወጣ ሰፊ ግምገማ ፈንገሱ ለ501 ዝርያዎች መመናመን፣ ከእነዚህም ውስጥ ለ90ዎቹ መጥፋት ምክንያት ሆኗል አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ለብዙዎቹ ዝርያዎች የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው ተከራከሩ። የክርክሩ ሥር ያው የመዝገብ እጦት ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከመታመማቸው በፊት አልተቆጠሩም። ኪትሪድ በኢትዮጵያም በብዙ ቦታ ተገኝቷል፤ በባሌ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይም ታይቷል። ይሁን እንጂ የባሌው ጥናት ሲካሄድ በበሽታው የሞተ ወይም የተዳከመ እንቁራሪት አልተገኘም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በፈንገሱ ላይ መጣል ማስረጃ የሌለው ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ በዐይናቸው ያዩት የመኖሪያው መጎዳት ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ ጥላ ሲጠፋ፣ ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ ከብት ጅረቱን ሲረግጠው፣ የሕዝቡ ቁጥርም ሲጨምር። እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ ጥላ የሌለበት ጅረት ለሰው ዐይን ጅረት ነው፤ ለኤሪካባትራከስ ግን መኖሪያነቱ አብቅቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል የሚል ነው። የባሌ ፓርክ ለቀይ ቀበሮና ለደጋ አጋዘን የሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የጥበቃ ሠራተኞቹም በብርድና በጉም የሚደክሙ ናቸው። ነገር ግን ትልልቅ አጥቢዎችን ለመጠበቅ የተዘረጋ አሠራር የሚከታተለው ሜዳውን፣ የውሻ በሽታን፣ አደንን ነው። ቀበሮ በውሻ ዕብደት በሽታ ሲሞት ሬሳው ይገኛል፤ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ክትባት ይታዘዛል። አንዲት የ3 ሴንቲ ሜትር እንቁራሪት ከአንድ ጅረት ስትጠፋ ግን ሬሳም አይገኝም፣ ሪፖርትም አይጻፍም። የሐረና ደን ጫፍ የከብት መዋያ ቢሆን የአጋዘን ቆጠራው ያንኑ ዓመት ላይለወጥ ይችላል። የትልልቆቹን ቁጥር ብቻ የሚያይ አስተዳደር ፓርኩ ደህና ነው ብሎ በቅንነት ይዘግባል፤ በዚያው ጊዜ አንድ ሙሉ ወገን ከሥሩ ሊያልቅ ይችላል። እኔ የምለው ለእንቁራሪት ሌላ ፓርክ ይከለል አይደለም። ያለው ፓርክ ከሚቆጥራቸው እንስሳት መዝገብ ላይ እነዚህን ይጨምር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው ነው፤ እንቁራሪት ብትጠፋ ምን ይጎድላል? ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ እንቁራሪት የአካባቢ ጤና ቀዳሚ ጠቋሚ ናት የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ ላይ መደገፍ አልፈልግም። ለኬሚካል ብክለት ያላቸው ተጋላጭነት ሲመረመር እንቁራሪቶች ከዓሣና ከሌሎች የውኃ እንስሳት ሁሉ የበለጠ ስስ አይደሉም የሚያሰኝ ማስረጃ ቀርቧል። የተሻለው ማስረጃ ከፓናማ የመጣው ነው። ካረን ሊፕስ የተባለችው አሜሪካዊት ሳይንቲስት በኤል ኮፔ ደን እንቁራሪቶችን ፈንገሱ ከመድረሱ በፊት ጀምራ ትቆጥር ነበር። በ2004 ፈንገሱ ደረሰ፤ አብዛኞቹ እንቁራሪቶች በወራት ውስጥ አለቁ። ባለ ጭራዎቹ ልጆች ከጅረቱ ሲጠፉ በድንጋዮቹ ላይ ያለው አልጌ በዛ፤ የጅረቱ የምግብ ሰንሰለት ተለወጠ። እንቁራሪት የሚመገቡ እባቦችም ቁጥራቸውና ዓይነታቸው መቀነሱ በ2020 በወጣ ጥናት ታወቀ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኮስታ ሪካና በፓናማ እንቁራሪቶች ከተመናመኑ በኋላ የወባ ሕሙማን ቁጥር መጨመሩን አመለከተ። ይህን ወደ ባሌ ከፍታ በቀጥታ ማዛወር ስሕተት ይሆናል፤ በ3,000 ሜትር ብርድ የወባ ትንኝ አይራባም። የፓናማውን የማነሣው ለሌላ ምክንያት ነው፤ በኤል ኮፔ የሆነው ሊታወቅ የቻለው አንዲት ሴት ከአደጋው በፊት በትዕግሥት ስለቆጠረች ነው። በኤል ኮፔ የቀድሞ ቁጥር ባይኖር ኖሮ የእባቦቹ መጥፋት እንኳ ምክንያቱ የማይታወቅ ተራ ክስተት ሆኖ ይቀር ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ነው። በባሌ የሚኖረው ገበሬና ከብት አርቢ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያው ደንና ሜዳ ነው፤ ስለ እንቁራሪት መናገር በድሃ ላይ መጨከን አይሆንም ወይ? ሰውን ከመሬቱ በማፈናቀል የሚመጣ ጥበቃ ፍትሕም ዘላቂነትም የለውም፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለኝም። ነገር ግን እንቁራሪቷና አርሶ አደሩ የሚጠቀሙት አንድ ምንጭ ነው። ወይብና ወልመል ከባሌ ተራሮች ይነሣሉ፤ ገናሌና ዋቢ ሸበሌም ከእነዚሁ ተራሮች ውኃ ይቀበላሉ። እስከ ሶማሊያ ድረስ ያለ ሕዝብ ከዚህ ውኃ ይኖራል። ለኤሪካባትራከስ የሚያስፈልጋት ጥላ ያለው ጅረት በሐረና ደን አካባቢ ለሚኖረው ለሪራና ለዶሎ መና ሰው በበጋ የማይደርቀው ጅረት ነው። ደግሞም ሕዝባችን መሬትን በወግ መጠበቅን ከማንም መማር አያስፈልገውም። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ለዘመናት በቄሮ ሥርዐት ተጠብቆ፣ ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚሰማራበት ጊዜ በማኅበረሰቡ ተወስኖ ኖሯል፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮ በዚያ መኖሯ የዚያ ሥርዐት ውጤት ነው። የባሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎችም ጎዳንቱ በሚባለው ወቅታዊ ዝውውር መሬቱ እንዲያርፍ ያደርጉ ነበር። የምንጭ ዳርን ከከብት ኮቴ መከለልና ጥቂት ሜትር ጥላ መተው በእንደዚህ ዓይነቱ ወግ ውስጥ ያለ ችግር የሚገባ ነገር ነው፤ ሰውን አያፈናቅልም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በ2023 የወጣው የዓለም ግምገማ እንዳሳየው ከእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች 41 ከመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው፤ ከሁሉም የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ክፍሎች የከፋው ይህ ነው። ከ2004 ወዲህ ሁኔታቸው ለተባባሰባቸው ዝርያዎች ዋናው ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ እየሆነ መጥቷል። ይህ ለባሌ የተለየ ትርጉም አለው። ተራራ ሲሞቅ እንስሳት ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ቀድሞውኑ በጫፍ ላይ ያለ ግን ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ይህ ለውጥ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ዝርያ ላይ እንደሚጀምር ሊነግረን የሚችለው በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ የሚደረግ ቆጠራ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲዎችና በጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ላላችሁ፣ ጥያቄዬን በግልጽ አቀርባለሁ። የባሌን እንቁራሪቶች መዝገብ እስከ 2009 ያቆየው በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሰዎች ትጋት ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚህ በኋላ ግን ቆጠራው የአጭር ጊዜ ገንዘብ ባላቸው ፕሮጀክቶች ላይ መንጠልጠል የለበትም። በሮቤ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተራራው ሥር ነው፤ የሥነ ሕይወት ተማሪዎቹ በየክረምቱ የአንድ ሰዓት ፍለጋን ቁጥር በተወሰኑ ጅረቶች ላይ ቢይዙ በዐሥር ዓመት ውስጥ በአፍሪካ ጥቂት አገሮች ብቻ ያላቸው መረጃ ይኖረናል። የፓርኩ የጥበቃ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚያልፉባቸው ምንጮች አሉ፤ የእነዚህን እንስሳት መልክ ለይተው እንዲያውቁ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይበቃል። የአካባቢው ነዋሪዎችም ጅረቶቹን ከማንም በላይ ያውቃሉና ከቆጣሪዎቹ መካከል ይሁኑ፤ ለሥራቸውም ይከፈላቸው። መዝገቡ በአንድ ሰው ደብተር ሳይሆን በአገር ውስጥ በሚገኝ ክፍት ማኅደር ይቀመጥ። የኦስጉድን ጉርጥም ከ1995 ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ታየች ብለን መዝግበን አንቀመጥ፤ በዝናብ ወራት በታወቀችባቸው ደጋዎች ሁሉ በተደራጀ መንገድ ትፈለግ።